ጥምዝ ከመከለሻ ወጥቶ የት ይደርሳል?

ካሜሩናዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ቪክቶር ኩዌቴ በድሻንግ ዩኒቨርሲቲ የተያያዙት ሥራ ለባለሙያ እናቶቻችን ጨዋታ ሊመስላቸው ይችላል። ወጥ የሚጣፍጥበትን ቅመም ይፈጩታል፣ በሜታኖል ይዘፈዝፉታል፣ የወጣውን ጭምቅ የካንሰር ሕዋስ ላይ ያፈሱበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከጀርመኑ የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከቶማስ ኤፈርትና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት ከ30 በላይ የካሜሩን ቅመሞችንና የመድኃኒት ዕፅዋትን ፈትሾ ጥቂቶቹን ነጥሎ አወጣ። ከተነጠሉት አንዱ ዝንጅብል ነው። ሌላው በሳይንስ ስሙ ፓይፐር ካፔንስ የሚባለው ሐረግ ሲሆን፣ ይህ ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን እየተለቀመ መርካቶ የሚደርሰው፣ ከኮረሪማና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተደባልቆ መከለሻ የሚሆነው ጥምዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ጥናት በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በርክቷል። ኩዌቴ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ አፍሪካ መድኃኒትነት ያላቸው ቅመሞችና አትክልቶች ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። እኛም አገር ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጦስኝ፣ ኮሰረትና በሶብላ ያልተፈተሹበት የኬሚስትሪና የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ማግኘት ይከብዳል። ታዲያ ይህ ሁሉ ፍተሻ ወደ መድኃኒት መደብር መደርደሪያ ያልደረሰው ለምንድን ነው? «ምዕራባውያን አፍነውት ነው» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ጥቂት እውነትም አለው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን እርምጃ ደጋግመን እንራመዳለን፣ ወደ ሁለተኛው አንሻገርም።

የመጀመሪያው እርምጃ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ካንሰርን በሚያጠኑ ላቦራቶሪዎች ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ነው። ሕዋሳቱ በትንንሽ ጉድጓዶች በተሞላ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይዘራሉ። ጭምቁ በየጉድጓዱ በተለያየ መጠን ይጨመርና ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ሬሳዙሪን የሚባል ሰማያዊ ቀለም ይደረግበታል። በሕይወት ያለ ሕዋስ ቀለሙን ወደ ሮዝ ይቀይረዋል፤ የሞተው ግን አይቀይረውም። መሣሪያ የሮዙን ድምቀት ይለካል፣ ግማሾቹ ሕዋሳት እንዲከስሙ ምን ያህል ጭምቅ እንዳስፈለገ ይሰላል። ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት የተወሰደው የተለመደ መለኪያ፣ ጥሬ ጭምቅ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ማይክሮግራም ባነሰ መጠን ይህን ካደረገ ተስፋ አለው ይላል። ጥምዝና ዝንጅብል ይህን ወንፊት ካለፉት ውስጥ ናቸው።

የካሜሩኑን ሥራ ከሌሎች የሚለየው የተመረጠው ሕዋስ ነው። ተመራማሪዎቹ ከተራው የደም ካንሰር ሕዋስ ጎን ለጎን ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የለመደውን ዝርያ አስቀምጠው ሁለቱንም ፈተኑ። መድኃኒት የለመደው ሕዋስ በቆዳው ላይ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ አብዝቶ ይሠራል፤ መድኃኒቱ ገና ከመግባቱ መልሶ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ኬሞቴራፒ የጀመረ ታካሚ መጀመሪያ ተሽሎት በኋላ መድኃኒቱ አልሠራ የሚለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከቅመሞቹ ጭምቅ አንዳንዱ ለማዳውንም ላልለመደውም ሕዋስ እምብዛም ሳይለይ ጎዳ። ይህ ቁም ነገር ያለው ግኝት ነው፤ ፓምፑ የማይተፋው ውህድ የት እንደሚፈለግ ይጠቁማልና።

ይሁን እንጂ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድላል። ጥያቄው ውህዱ ተውጦ፣ ከሆድ አልፎ፣ ጉበት ሳይሰባብረው፣ ጤነኛውን ሕዋስ ሳይነካ ዕጢው ጋ በበቂ መጠን ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ረገድ የእርድ ታሪክ ሊያስተምረን ይገባል። በእርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ውህድ ኩርኩሚን ሳህን ላይ የማይገድለው የካንሰር ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። ሰው ሲውጠው ግን ሌላ ነው። በአንድ ሙከራ እስከ 8 ግራም ኩርኩሚን በአንዴ የዋጡ ፈቃደኞች ደም ሲመረመር ውህዱ ሊገኝ አልቻለም። እንዲህ ያለ መጠን ከወጥ እርድ ለማግኘት ሩብ ኪሎ ገደማ ዱቄት መብላት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካውያን የመድኃኒት ኬሚስቶች በዚህ ውህድ ላይ የተደረጉ ከ120 በላይ የሰው ሙከራዎችን ገምግመው፣ በጥብቅ ቁጥጥር ተደርጎ የተሳካ አንድም እንዳላገኙ ጻፉ። በዚሁ መስክ ስመ ጥር የነበሩ የቴክሳስ ተመራማሪ ከ20 በላይ ጽሑፎቻቸው ተሰርዘውባቸዋል። ይህን ሁሉ የማነሳው እርድ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ከኩርኩሚን የምንማረው፣ አንድ ውህድ በሳህን ላይ ሁሉን የሚያሸንፍ ከመሰለ ከመደሰት በፊት መጠርጠር እንደሚገባ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሳህኑ እንኳ ብዙ ጊዜ የካንሰር አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ የሚደጋገመው ሙከራ የባክቴሪያው ነው። በክብ ሳህን ላይ አጋር የሚባል ረግቶ የሚቀመጥ ምግብ ይፈስሳል፣ ባክቴሪያ ይቀባበታል፣ በጭምቅ የተነከረች ክብ የወረቀት ቁራጭ መሀሉ ላይ ትቀመጣለች። በማግስቱ ወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ካለ በማስመሪያ ይለካል፤ 12 ሚሊ ሜትር፣ 15 ሚሊ ሜትር እየተባለ ይጻፋል። መጨረሻው ላይ ሁሌም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል። ተጨማሪው ጥናት ግን የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ፣ በዚያው ቅመም፣ በዚያው ሳህን ነው። ተማሪውን መውቀስ አይቻልም። ጊዜው አጭር ነው፣ ኬሚካሉ ውድ ነው፣ የእንስሳትና የሰው ሙከራ ገንዘብም ፈቃድም ይጠይቃል። ጥፋቱ ውጤቱን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሻግር አካል አለመኖሩ ነው።

የተሻገረ ቅመም አለ ወይ ለሚል መልሱ አዎ ነው፤ ያውም በየቤታችን ያለው። የሚጥሚጣና የበርበሬን ማቃጠል የሚያመጣው ካፕሳይሲን ነው። የካሊፎርኒያው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ይህ ውህድ በነርቭ ላይ የሚነካውን መቀበያ አገኙ፤ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆኑ። 8 ከመቶ ካፕሳይሲን የያዘ የቆዳ ልጥፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 አልማዝ ባለጭራ ካለፈ በኋላ ለሚቀር የነርቭ ሕመም በአሜሪካ ተፈቅዷል። ልብ በሉ፦ የተፈቀደው ሚጥሚጣ አይደለም። አንድ ውህድ ተነጥሎ፣ መጠኑ ተወስኖ፣ በሐኪም እጅ ለተወሰነ ሕመም ብቻ ነው።

ከአፍሪካ ምድር የበቀለው ትልቁ ምሳሌ ግን ቅመም አይደለም፤ የማዳጋስካሯ ሐምራዊ አበባ ናት። በባህል ለስኳር በሽታ ይጠጣ የነበረው ቅጠሏ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላቦራቶሪ ሲገባ ለስኳር ብዙም ሳይሆን ቀረ፤ ነጭ የደም ሕዋስን ሲቀንስ ግን ታየ። ከዚያ የወጡት ቪንብላስቲንና ቪንክሪስቲን ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ የሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ያለ ቪንክሪስቲን አይታሰብም። ማዳጋስካር ከሽያጩ ያገኘችው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላኛው ጎኑ ነው። የባህል ዕውቀት ወደ ትክክለኛው ተክል መራ እንጂ ወደ ትክክለኛው በሽታ አልመራም። አያቶቻችን ለሆድ ቁርጠት የሰጡት ቅመም ለሆድ ቁርጠት መድኃኒት ሆኖ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ወደ ጥምዝ ልመለስ። የቁንዶ በርበሬና የዘመዶቹ ልዩ ጠባይ ያለው ፒፐሪን በተባለው ውህድ ላይ ነው። ፒፐሪን ራሱ በሽታ ከማዳን ይልቅ ሌላው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ባንጋሎር ውስጥ በተደረገ የታወቀ ሙከራ 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፒፐሪን ጋር የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ የገባው ኩርኩሚን በ20 እጥፍ ጨመረ። ፒፐሪን መድኃኒት የሚሰባብሩ የጉበትና የአንጀት ኢንዛይሞችን ያግዳል፤ ያንኑ መድኃኒት መልሶ የሚተፋ ፓምፕም ያዳክማል። በካሜሩን ሳህን ላይ ለማዳ የካንሰር ሕዋሳት የተሸነፉበትን ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ይህ ሊመረመር የሚገባ መንገድ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግን ተስፋ ብቻ አይደለም። በሌላ ሙከራ ፒፐሪን ከኔቪራፒን ጋር ሲሰጥ ይህ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በጉልህ ከፍ አለ። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች የነጭ ሽንኩርት ክኒን ሳኩዊናቪር የተባለውን ሌላ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ ገደማ እንደቀነሰው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። መድኃኒት ከፍ ቢል መርዝ ይሆናል፣ ዝቅ ቢል ቫይረሱ ይለምደዋል። ወጥ ውስጥ የገባች ቁንጥር ጥምዝ ይህን አታደርግም፤ ችግሩ የሚጀምረው ቅመሙ በዘይት፣ በክኒንና በማንኪያ ተለክቶ «ለጤና» በየቀኑ መወሰድ ሲጀምር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተንና ሪያድ በኢትዮጵያውያን ሱቆች የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠርሙስ የማይታይበት መደርደሪያ ጥቂት ነው። የልብ፣ የደም ማቅጠኛና የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይገዙታል። ሐኪሙ ሌላ ምን ትወስጃለሽ ብሎ ሲጠይቅ ግን «ምንም» ይባላል፤ ቅመም መድኃኒት ተብሎ አይቆጠርማ። በእኔ ግምት የቅመም ጥናት ነገ ለሕዝቡ ሊሰጥ የሚችለው የመጀመሪያ ጥቅም አዲስ መድኃኒት ሳይሆን ያለውን መድኃኒት ከቅመም ጋር አለማጋጨት ነው። ይህ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ለየሐኪም ቤቱ የአንድ ገጽ ዝርዝር ይበቃዋል። በዝርዝሩ ላይ ጤና አዳምም ቦታ ሊኖረው ይገባል። በቡና ላይ የምትጣል አንድ ቅርንጫፍ ሌላ ነገር ናት፤ ተጨምቆ በብዛት ሲጠጣ ግን ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፣ ጭማቂው ፀሐይ ላይ ቆዳን ያቃጥላል።

ጥቁር አዝሙድ ራሱ ከሌሎቹ ይልቅ ሩቅ ተጉዟል። ታይሞኪኖን የተባለው ዋና ውህዱ ግብጽ ውስጥ ተነጥሎ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የሰው ሙከራዎችም ተደርገውበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የ11 ሙከራዎችን ውጤት ያሰባሰበ ትንታኔ የላይኛውን የደም ግፊት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንደሚቀንስ አሳየ። አንድ የተለመደ የግፊት ክኒን ወደ 9 ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቁር አዝሙድ ይሠራል የሚለውም አይሠራም የሚለውም ግማሽ እውነት ይዟል፤ ይሠራል፣ ግን ክኒን አይተካም። እንዲህ ዓይነቱ ቁጥር ከማስታወቂያው ጋር ሲተያይ ያሳፍራል፤ ለታካሚው ግን ከአሥር የላቦራቶሪ ጽሑፍ ይሻላል።

ቁጥር ሲጠፋ የሚሆነውን በኮሮና ጊዜ አይተናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ከአገር በቀል ዕውቀት የተገኘ መድኃኒት ተስፋ ሰጪ ደረጃ ላይ እንደደረሰ በመንግሥት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ተነገረ፤ በሚያዝያ ደግሞ የወቅቱ የማዳጋስካር ፕሬዚዳንት አንድሪ ራጆሊና የአርቲሚስያ መጠጥ በካሜራ ፊት ጠጡ። እኛ ቤት ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በሽሚያ ከገበያ ተገዙ። ዛሬ ከሁለቱም አገሮች የወጣ አንድ የታወቀ የኮሮና መድኃኒት የለም። የሚያሳዝነው አርቲሚስያ ራሱ ትክክለኛው መንገድ የሚታይበት ተክል መሆኑ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከጥንት መጽሐፍ ፍንጭ አግኝተው፣ ሙቀት ውህዱን እንደሚያበላሽ ጠርጥረው፣ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አውጥተው፣ መጀመሪያ በራሳቸው ላይ ሞክረው ነበር የወባውን መድኃኒት አርቲሚሲኒን ያገኙት። የ2015ቱን (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ያገኙበት ሥራ ዓመታት ፈጅቷል፤ ጋዜጣዊ መግለጫ አልቀደመውም።

ሌላው ብዙም የማይወራለት ጉዳይ የቅመሙ ንጽሕና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሽሮና በበርበሬ ዱቄት ላይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተደረጉ ምርመራዎች አፍላቶክሲን ተገኝቷል። ይህ በእርጥበት ከሚበቅል ሻጋታ የሚመጣ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። በርበሬ ከብዶ እንዲሸጥ ውኃ የሚረጭበት ነጋዴ፣ ሳይደርቅ በጆንያ የሚከትተው ገበሬ፣ ሁለቱም ያለማወቅ ካንሰርን ይዘራሉ። የቅመምን ፀረ ካንሰርነት ለማረጋገጥ የምናወጣውን ገንዘብ እኩሌታ በርበሬን በአግባቡ ለማድረቅ ብናወጣ የምናድነው ሰው የሚበዛ ይመስለኛል። ይህን ስል የሚቀየመኝ ኬሚስት እንደሚኖር አውቃለሁ።

የባለቤትነቱን ጉዳይ ዘልሎ ማለፍ ደግሞ አይቻልም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ መግደያ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ ግን በሳይንሱ እጥረት ሳይሆን በመርዛማነት ምርመራ ደንብና በገንዘብ ክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ሲቀበሉ 25 ዓመት አልፎ ነበር። በጤፍ ላይ ደግሞ የኔዘርላንድ ኩባንያ ያወጣው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት የወደቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አላት፤ የጄኔቲክ ሀብት ጥቅምን ስለ መጋራት የሚደነግገው ዓለም አቀፉ የናጎያ ፕሮቶኮልም አለ። ሕጉ የሚጠብቀው ግን ሌላው እንዳይወስድ ነው። እኛ ራሳችን እንድንሠራበት አያስገድድም፤ ሊያስገድድም አይችልም።

ታዲያ ምን ይሠራ? ሃምሳ ቅመም መፈተሽ ይብቃና አንዱን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ እላለሁ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ኖሮ ከጥምዝ በፊት ጦስኝን እወስድ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚያበቅለው ነው። የመንዝና የባሌ ወጣቶች ይሸጡታል፣ በሻይም ይጠጣል፤ ሕዝቡ ለግፊት ይበጃል ይላል፤ በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ግፊት ሲቀንስ ታይቷል። ግፊት በርካሽ መሣሪያ፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየሳምንቱ ሊለካ የሚችል ነገር ነው፤ እንደ ካንሰር ዓመታት መጠበቅ አይጠይቅም። ጥቂት መቶ ሰው፣ ግማሹ ጦስኝ ግማሹ ተራ ሻይ፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ። ውጤቱ «አይሠራም» ቢሆን እንኳ ትልቅ ነገር ነው፤ ሻዩን ተማምነው ክኒናቸውን የጣሉ ሰዎችን ወደ ሐኪም ይመልሳል።

ጣጣው የሚጀምረው ከሻዩ ራሱ ነው። የጦስኝ መዓዛ ዘይት ዋና ዋናዎቹ ውህዶች ካርቫክሮልና ታይሞል ሲሆኑ መጠናቸው እንደ ቦታውና እንደ አጨዳው ወቅት ይለያያል። ከዱር እየታጨደ በጆንያ በሚመጣ ቅጠል ላይ የሚደረግ ሙከራ በሚቀጥለው ወር ሊደገም አይችልም፤ የተሰጠው ነገር ምን እንደነበር ማንም አያውቅምና። ስለዚህ የዚህ ሙከራ የመጀመሪያ ወጪ የላቦራቶሪ መሣሪያም የሐኪም አበልም አይደለም፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ የሚቋቋም አንድ የጦስኝ ችግኝ ጣቢያ ነው።